ያልተረጎምሁት ቃል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ወይ ሰው ሲሞት ነው፣ ወይ በስሕተት ሲደወልልኝ። ስለዚህ ወይዘሮ ሰብለ ደውለው፣ የድሮውን ክበብ ዓለም አቀፍ የጎልፍ ውድድር ታሪክ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው እንዳልቀረ ሲነግሩኝ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። በእጄ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።

ወይዘሮ ሰብለ የአንድ አዲስ የስፖርት ክበብ ጸሐፊ ናቸው። ክበባቸው ትንሽ መጽሔት ሊያሳትም አስቧል፤ በመጽሔቱም በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በሰበታ መንገድ ይካሄድ የነበረውን ውድድር የሚያስታውስ ጽሑፍ እንዲወጣ ይፈልጋል። ከድሮው ክበብ የተረፉ ወረቀቶች ያሉበት አንድ የእንጨት ሣጥን ማግኘታቸውን፣ እሱንም ቤቴ ድረስ እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ። በመጨረሻም በትሕትና፣ "በተለይ ዋንጫውን ኢትዮጵያዊ ያነሣበትን ዓመት ሰፋ አድርገው ቢጽፉልን" አሉኝ።

ወንበር ያስፈለገኝ ያ ዓመት ሲነሣ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ማስታወሴን አላምነውም። ዕድሜዬን ሁሉ በወረቀት ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና፣ ያልተጻፈ ነገር እንደሚሸሽ፣ የተጻፈም ቢሆን ጻፊው እንደሚመቸው ተደርጎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ከዚህ በታች "ይመስለኛል" ስል ትሕትና አይደለም፤ በእርግጥም ስለማላውቅ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ የመጀመሪያ ሥራዬ ሱሉልታ ነበር፤ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማርሁ። ብርዱን እንጂ ተማሪዎቹን ብዙ አላስታውስም። ከዚያ ቡራዩ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ መዝጋቢ ሆንሁ፤ አለቃዬ ቀኑን ሙሉ የማይናገሩ፣ ነገር ግን ማስታወሻ በየሰዓቱ የሚጽፉልኝ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ተማርሁ። በሦስተኛው ዓመት ክበቡ እንግሊዝኛና አማርኛ እኩል የሚጽፍ የውድድር ጸሐፊ ይፈልጋል ተባለና ተወዳድሬ ገባሁ። ደመወዙ ከመምህርነቱ ይሻል ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ክበቡ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሲወርዱ፣ ከጅማ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ነበር። አሥራ ስምንት ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው አዳራሽ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ። በዓመት አንድ ጊዜ ከናይሮቢ፣ ከካርቱም፣ ከአስመራ፣ አንዳንዴም ከአውሮፓ ተጫዋቾች ይመጣሉ፤ አምባሳደሮች፣ ሚኒስትሮችና ከፍተኛ መኮንኖች አብረዋቸው ይጫወታሉ። የእኔ ሥራ የሚጀምሩበትን ተራ ማውጣት፣ ከመጨረሻው ቡድን ጋር እየተከተልሁ ምት መቁጠርና ቁጥሩን በውጤት ካርዱ ላይ መጻፍ ነበር፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው በጥቂት ምት የጨረሰ ነው።

ይህን ለሚያነብ ሰው ቀላል ሥራ ሊመስለው ይችላል። በዚያ ዘመን በአንድ ትልቅ ሰው ስም አጠገብ ያልወደደውን ቁጥር መጻፍ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት ይቸግረኛል። የሚቆጣ አልነበረም። ካርዱን ተቀብሎ ያየዋል፣ ቀጥሎ እኔን ያየኛል፣ ቀጥሎ "ስምህ ማን ነበር?" ይለኛል። ይኸው ነው። ያቺን ጥያቄ ከተጠየቅሁ ሳምንቱን ሙሉ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በመስኮት እመለከት ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ስሙ በአንድ ወረቀት ላይ ተገኝቶ ከቤቱ ተወስዷል፤ በስንተኛው ወር እንደ ተመለሰ አላስታውስም፣ ሲመለስ ግን ሣቁ አብሮት አልተመለሰም። ስለዚህ ስም በወረቀት ላይ ሲጻፍ እፈራለሁ። የእኔ ሥራ ደግሞ እሱው ሆነ።

ከፍርሃቴ ጋር መሥራት ያስተማሩኝ ኦቦ ገመዳ ናቸው። የሜዳው ኃላፊ ነበሩ። ቤታቸው ከሜዳው ጀርባ ነው፤ አባታቸውም እዚያው አርሰው የኖሩ ናቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ጎልፍ የሚያስፈልገውን ያህል እንግሊዝኛ ግን ይናገራሉ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ተማሪው" ነበር የሚሉኝ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ምት ስቆጥር ቁጥሩ ሲምታታብኝ አይተው ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ሽንብራ አውጥተው ሰጡኝ። "በቀኝ ኪስህ ያዘው። ሰውዬው በመታ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ አሻግር። ስትፈራ አእምሮህ ይዋሽሃል፣ ሽንብራ ግን ሰው አይፈራም" አሉኝ። ክበቡን እስክለቅ ድረስ የቆጠርሁት በዚህ መንገድ ነው።

የእሳቸው ጥበብ አሸዋው ላይ ነበር። የእኛ ሜዳ በጉድጓዶቹ ዙሪያ እንደ ውጭ አገር የተከረከመ ለምለም ሣር አልነበረውም፤ በጋው አይፈቅድም። በዚያ ፋንታ ከወንዝ የመጣ አሸዋ ሦስት ጊዜ ተነፍቶ፣ ከአውቶቡስ ጋራዥ በሚመጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይታሻል። ዘይቱ ከበዛ ኳሱ ይጣበቃል፤ ካነሰ ነፋስ አሸዋውን ይበትነዋል። ኦቦ ገመዳ እፍኝ ሙሉ ጨብጠው ይለቃሉ፤ የጣታቸው ቅርጽ አሸዋው ላይ ከቀረ፣ መዳፋቸው ግን ካልጠቆረ፣ "ጠጥቷል" ይላሉ። ዘይት የጠጣ ጉድጓድ እስኪረጋ ድረስ አንድ ቀን ይዘጋል። ይህንንና የመሰለውን የየቀኑን ሥራ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ቃል በቃል እጽፋለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከውድድር በፊት ሜዳውን ከአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ወደ አንደኛው፣ ማለት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ኋላ ይሄዱበታል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የያዙትን ሥራ እስኪጨርሱ አልመለሱልኝም፤ እንዲህ ነበሩ። ከጨረሱ በኋላ፣ "መቺው ሜዳውን የሚያየው ኳሷ ከምትነሣበት ነው። እኔ የማየው ከምታርፍበት ነው። ከምታርፍበት ቆሞ ያላየ ሰው ሜዳውን አያውቀውም" አሉኝ። በጊዜው ስለ ኳስ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

አሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ አንድ ችግር ነበር። ከሜዳው በታች ያሉ ሰዎች ወደ ፉሪ የሚሻገሩበት የቆየ የእግር መንገድ በባሕር ዛፎቹ ጀርባ ያልፋል። ክበቡ ሳይመጣ የነበረ መንገድ ነው። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከሚገመተው በላይ ይሄዳል፤ ከዛፎቹ በላይ የሄደ ኳስ ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ውድድሩ ዓለም አቀፍ ሲባል በክበቡ የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ጡረታ የወጡ የውጭ አገር መርከበኛ፣ ደንቡን ወደ አማርኛ እንድመልሰውና ለሠራተኞቹና ለአካባቢው ሰው እንዲነበብ አዘዙኝ። በዚያ ሥራ እኮራ ነበር። ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ ፈልጌ አገኘሁ፤ አንዱን ብቻ ተውሁት። ተጫዋቹ ኳሱ ሰው ወዳለበት ሲሄድ "ፎር!" ብሎ ይጮኻል፤ ትርጉሙ ከፊታችሁ ያላችሁ ተጠንቀቁ ማለት ነው። አለቃዬ ይህ ቃል በዓለም ሁሉ አንድ ነው ሲሉኝ እኔም በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ነገር በእኛም ዘንድ አንድ እንዲሆን ፈለግሁ። "ተጫዋች ፎር ሲል የሰማ ሁሉ ራሱን ይጠብቅ" ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ በክበቡ በር ላይ ተለጠፈ፤ ዓለም ገና ገበያም በአንድ ቅዳሜ ተነበበ።

ኦቦ ገመዳ ሳነብላቸው ሰሙ። ስጨርስ የሣቁ ይመስለኛል።

"ተማሪው፣ ይህችን ቃል ለውጣት" አሉኝ።

"ለምን?"

"እዚህ አገር ከሩቅ ፎ...ር ብለህ ብትጮህ ነፋሱ ምን አድርጎ እንደሚያደርሰው ታውቃለህ? ሰው አውቶቡስ የመጣለት ይመስለዋል።"

እውነት ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች ረዳቶች በር ላይ ተንጠልጥለው "ፉሪ! ዓለም ገና! ሰበታ!" እያሉ ይጣሩ ነበር። እኔ ግን ቀልድ አድርጌ ወሰድሁት። ሐሳቡን ለአለቃዬ አቅርቤ እንደ ሆነ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። አቅርቤአለሁ ብል ደስ ይለኛል። ያቀረብሁ አይመስለኝም።

ሦስት ውድድር ያለ አደጋ አለፈ። መርከበኛው ወደ አገራቸው ተመለሱና በቦታቸው አቶ ልሳኑ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጡ፣ ክራባታቸው የማይፈታ፣ የሚፈሩትን ሰው ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው። በአራተኛው ዓመት አንድ ኮሎኔል እስከ መጨረሻው ቀን መሪ ሆነው ደረሱ። ዋንጫውን ኢትዮጵያዊ አንሥቶት አያውቅም ነበርና አዳራሹ በሙሉ ስለ እሳቸው ያወራል። እኔ ቆጣሪያቸው ሆንሁ። ከጠዋቱ ጀምሮ ቀኝ ኪሴን በእጄ ጨብጬ ነበር።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ያህል ነው። ኮሎኔሉ በአንድ ምት ይመራሉ። መቱ፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ተጠማዝዞ ከዛፎቹ በላይ ሄደ። በዛፎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ፉሪ ሲሄዱ አየሁ።

ኮሎኔሉ አልጮኹም። የጮኽሁት እኔ ነኝ። ለብዙ ዓመታት ይህን ሳወራ "ጮኽን" ስል ኖሬአለሁ። ደረቴን ሞልቼ፣ መርከበኛው እንዳስተማሩኝ ቃሉን አስረዝሜ ጮኽሁ።

ሽማግሌው ቆሙ። ዞሩ። ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ መለሱና እጃቸውን ከፍ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ርቀቱ ድምፃቸውን አላደረሰልንም። ኳሱ ያን ጊዜ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ተቆራርጦብኛል። ኦቦ ገመዳ በዚያ ዕድሜያቸው ከአሥረኛው ሜዳ ሲሮጡ አስታውሳለሁ። የወደቁት ኦቦ ድሪባ መሆናቸውን፣ ማለት የኦቦ ገመዳ ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ መሆናቸውን፣ የሰማሁት ከኦቦ ገመዳ ጩኸት ነው። በክበቡ ላንድሮቨር ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተወሰዱ። አብሯቸው ይጫወት የነበረ ከናይሮቢ የመጣ ተጫዋች መምቻ ዱላውን አስቀምጦ ጨዋታው እንዲቋረጥ ጠየቀ፤ ኮሚቴው ጥቂት ተነጋግሮ እንዲቀጥል ወሰነ። ቀጠለ። ኮሎኔሉ አሸነፉ። ማታ ካርዱን ስሞላ የግራ ኪሴን ሽንብራ አውጥቼ ቆጠርሁ። ስጮኽ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ሰው ሲሮጥ፣ እጄ ልማዱን አልተወም፤ ያንንም ምት አሻግሬው ነበር።

ኦቦ ድሪባ ቀኝ ዓይናቸውን አጡ። ከሆስፒታል በወጡ በማግሥቱ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ክሱ በተከለከለ ቦታ ማለፍና ማስጠንቀቂያ ተነግሮት አልሰማም ማለት፣ በዚህም በእንግዶች ፊት ውድድሩን ማወክ የሚል ነበር። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለመጠየቅ የደፈረ የለም። ከተፈረደባቸው ይታሰራሉ፣ የፉሪ መንገድም በሽቦ ይዘጋል። ከአንድ ሰው ምስክርነት በቀር የቀረ ነገር አልነበረም፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ኦቦ ገመዳ ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ አብሬአቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። እምቢ ማለት ፈራሁ፣ መሄድም ፈራሁ፤ ሄድሁ። ኦቦ ድሪባ በግቢው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ከኦቦ ገመዳ ጋር በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠያየቁ። ቀጥሎ ኦቦ ድሪባ ለእኔ በአማርኛ ነገሩኝ።

"ፉሪ ልጄ ወልዳ ልጠይቃት ነው የምሄደው። ከኋላዬ አንድ ሰው ፉሪ ሲል ሰማሁ። ፉሪ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ መሰለኝ። ሰው ሲጠራህ ጀርባህን ሰጥተህ አትሄድም መቼም። ዞሬ፣ አዎ ፉሪ ነው የምሄደው፣ አልሁት።"

ኦቦ ገመዳ ቀና ብለው አላዩኝም።

ኦቦ ድሪባ ቀጠሉ፤ "እሱ ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? ጠይቆኝ መልሱን እንኳ አልጠበቀም" ብለው ሣቁ። ሲሥቁ ቁስሉ አመማቸውና በጨርቁ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

የጠራሁዎት እኔ ነኝ አላልሁም። ዘበኛው አጠገባችን ነበር፤ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው።

አቶ ልሳኑ ቢሮ የተጠራሁት በዚያው ሳምንት ነው። ወረቀቱ ተጽፎ ተዘጋጅቷል። በሩን ዘግተው፣ መጋረጃውንም ሳይቀር ስበው ተቀመጡ። እሳቸውም ይፈሩ እንደ ነበር መመስከር አለብኝ።

"ኮሎኔሉ ስማቸው ከዚህ ነገር ጋር እንዲነሣ አይፈልጉም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቃሉ እንዳሳሳታቸው፣ ሰውዬው የሰሙት ሌላ እንደ ሆነ ለማስረዳት ጀመርሁ። በእጃቸው አስቆሙኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጮኸሃል አልጮኽህም?"

"ጮኼአለሁ።"

"ሰምቷል አልሰማም?"

"ሰምተዋል።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው፣ "ኳሱ ከመድረሱ በፊት በደንቡ መሠረት ድምፅ አሰምቼ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ግለሰቡም ድምፁን ሰምቶ ቆሟል፣ ነገር ግን ራሱን አልጠበቀም" የሚል ነው። ደጋግሜ አነበብሁት። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠር ሰነድ አንብቤአለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራ አላየሁም። የክፍል ጓደኛዬ ታሰበኝ። እናቴ ታሰበችኝ። "ስምህ ማን ነበር?" የሚለው ድምፅ ታሰበኝ። ፈረምሁ።

ኦቦ ገመዳ አልተቆጡኝም። አንድ ቀን ግን፣ ዘይት የጠጣ አሸዋ ሽታ በአየሩ ላይ ነበር፣ ይዘውኝ ወደ አሥራ ሦስተኛው ወጡና ከዛፎቹ ጀርባ ያለው መንገድ ላይ አቆሙኝ።

"ጀርባህን ስጠኝ። ወደ ፉሪ ሂድ" አሉኝ። እሳቸው ወደ መምቻው ቦታ ተመለሱ።

ሄድሁ። ምን ሊያደርጉ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ኳስም ዱላም እንዳልያዙ አይቻለሁ። ቢሆንም አንገቴ ሥር ያለው ሥጋ ተኮማተረ። ነፋሱ ከኋላዬ ይመጣል። አምስት እርምጃ፣ አሥር እርምጃ። ከዚያ ድምፁ መጣ። በስስ አየር ውስጥ ተስቦ፣ መጨረሻው ተለስልሶ መጣ።

ዞርሁ። ቃሉን የጻፍሁት እኔ፣ ትርጉሙን የማውቀው እኔ፣ ፊቴን ሙሉ በሙሉ መልሼ ዞርሁ።

መጡና አጠገቤ ቆሙ። "ምን ሰማህ?"

"ፉሪ።"

"እኔ ያልሁት ያንተን ቃል ነው" አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህን ታሪክ ለራሴ ስነግረው የኖርሁት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ፈረምሁ፣ በኋላ ተረዳሁ። የኦቦ ድሪባን ቃል ብሰማም በራሴ ጆሮ እስካረጋግጠው ድረስ አላመንሁትም፣ ባለማወቅ የበደለ ሰው ነኝ እያልሁ ተጽናናሁ።

ኦቦ ድሪባ ሁለት ወር ገደማ ታሰሩ። ሽማግሌዎች ለምነው፣ ሁለተኛ እንደማያልፉ በጣታቸው አስፈርመው አስፈቷቸው። መንገዱ በሽቦ ታጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ኦቦ ገመዳ ማንንም ሳያስፈቅዱ ለሠራተኞቹ ሁሉ "ጎንበስ!" ብለው እንዲጮኹ ነገሯቸው፤ ኦሮምኛ ለሚቀናው ደግሞ "ጋዲ ጄዲ!" እንዲባል። የውጭ እንግዶቹ ሳይቀሩ እየሣቁ ተማሩት። እኔም ደንቡን አሻሽዬ በታይፕ ጻፍሁት። አንድ ቃል ለመለወጥ የፈጀብኝ ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ኦቦ ድሪባን በጅማ መንገድ ዳር አየኋቸው። በሽቦው ምክንያት ወደ ፉሪ የሚሄዱት ዞረው፣ ሁለት እጥፍ መንገድ ተጉዘው ነበር። ከኋላቸው ነበርሁና "ኦቦ ድሪባ!" ብዬ ተጣራሁ። አልዞሩም። ደግሜ ተጣራሁ። እርምጃቸውን እንኳ አልለወጡም። ሮጬ ደረስሁባቸው።

"አልሰሙኝም?"

በቀረችው ዓይናቸው አዩኝና፣ "ሰምቻለሁ። አሁን ሰው ሲጠራኝ አልዞርም፣ የፈለገኝ ይደርስብኛል" አሉኝ። ቀልድ አድርገው ነው የተናገሩት። ቀጥለውም ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። በዚያ አገር ሰው ተጠርቶ አለመዞር ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ፣ ዓይናቸውን ብቻ ያጡ ሊመስለው ይችላል።

እዚያም አልነገርኋቸውም።

ውድድሩ እስከ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መባቻ ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻው ዓመት የግብዣ ደብዳቤዎቹን ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ የላክኋቸው አይመስለኝም። ወታደሮች መንገድ ላይ ታዩ፣ እንግዶቹ ቀሩ፣ አሸዋውን የሚያሽ ጠፋና ነፋስ በተነው። እኔ ከዚያ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት በተርጓሚነት ለመቀጠር አመልክቼ ነበርና ወደዚያ ሄድሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም በዚያው ሙያ ነው። አዲሶቹን አለቆቼንም ፈራኋቸው። በእነሱም ዘመን ስም በወረቀት ላይ ይጻፍ ነበር።

ባልደረቦቼ አንድ ልማዴን ሲያፌዙበት ኖረዋል። የመድኃኒት መመሪያ፣ የኤሌክትሪክ አደጋ ምልክት፣ የትኛውም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሲሰጠኝ፣ ትርጉሙን ጨርሼ ወደ ግቢው በር እወርድና ለዘበኛው ከሩቅ ሆኜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። "ምን ሰማህ?" እለዋለሁ። የሰማው የጻፍሁት ካልሆነ ተመልሼ አስተካክላለሁ። "ዛሬስ ዘበኛው አጸደቀልህ?" ይሉኝ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ ግን የለም።

የወይዘሮ ሰብለ ሣጥን ባለፈው ሳምንት መጣ። ሁለት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። ስከፍተው የውድድር ካርዶች፣ የዋንጫው ፎቶግራፍ፣ የምስክርነት ቃሌ ቅጂ፣ ከሥራቸውም ሰማያዊው ደብተር ነበሩ። ምስክርነቱ ላይ ከፊርማዬ በታች ያለው ቀን ቅዳሜ ነው። ደብተሩን ገለጥሁ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ኦቦ ገመዳ ነግረውኝ በራሴ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፤ "አሥራ ሦስተኛው ዛሬ ዘይት ጠጥቷል፤ እስከ ነገ ማንም አይርገጠው። ተማሪውን መንገዱ ላይ አቁሜዋለሁ። ዞሯል።"

ሐሙስ። ከመፈረሜ ሁለት ቀን በፊት።

ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጌ ደግሜ አመሳከርሁ። የተረዳሁት ከፈረምሁ በኋላ አልነበረም። ተረድቼ ፈረምሁ። ኦቦ ገመዳም ያን ያደረጉት ሊወቅሱኝ ሳይሆን፣ ጊዜው ሳያልፍ ኳሷ ከምታርፍበት ቆሜ እንድመለከት ነበር። አእምሮዬ ሁለቱን ቀኖች መቼ እንዳቀያየራቸው አላውቅም። ስፈራ እንደሚዋሸኝ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተነግሮኝ ነበር።

ለወይዘሮ ሰብለ የሚሆነውን ጽሑፍ ትናንት ጨረስሁ። የተጫዋቾቹ አመጣጥ፣ የሜዳው አሠራር፣ የዋንጫው ታሪክ ሁሉ አለበት። በስልክም፣ ከረዘመ ያሻቸውን እንዲቀንሱ፣ ስለዚያ ዓመት ከጻፍሁት ግን አራት ዓረፍተ ነገር እንዳይነኩብኝ ለመንኋቸው። እንዲህ ይላሉ፤ "በዚያ ዓመት ኦቦ ድሪባ የተባሉ ሰው በራሳቸው መንገድ ሲሄዱ በኳስ ተመትተው ዓይናቸውን አጡ። ማስጠንቀቂያ አልተሰጣቸውም። ወዴት እንደሚሄዱ የተጠየቁ መስሏቸው ሊመልሱ ዞሩ። የጮኽሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም አውቄ በእሳቸው ላይ ፈርሜአለሁ።" ወይዘሮ ሰብለ ለኮሚቴው እንደሚያቀርቡት ነገሩኝ። የኮሚቴውን መልስ ገና አልሰማሁም።

ኮሎኔሉ ሞተዋል፣ አቶ ልሳኑ ሞተዋል፣ ኦቦ ገመዳና ኦቦ ድሪባም የሉም። ሆኖም ከታች ስሜን ከመጻፌ በፊት ተነሥቼ በመስኮት ተመለከትሁ።

ኦቦ ድሪባ ያን ቀን ሊጠይቋት የወጡት ልጃቸው ዛሬም ፉሪ እንዳለች ሰምቻለሁ፤ እሷም አርጅታለች። ዛሬ ጠዋት የጽሑፉን ሁለተኛ ቅጂ በኤንቨሎፕ አድርጌ ከቤት ወጣሁ። ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት፤ በፖስታ መላክ ፊት ለፊት ከመቆም ይቀል ነበር። መንገዱን ስሻገር ከኋላዬ አንድ የሚኒባስ ረዳት ድምፁን ስቦ ተጣራ።

"ፉሪ! ፉሪ!"

ዞርሁ።

"ወዴት ነው አባባ?" አለኝ በሩን ይዞ።

"ፉሪ ነው የምሄደው" አልሁት።